ልጄ የገባችው በክረምት ነው

ይሄን ጽሑፍ ከወር በፊት ልጽፈው አስቤ ነበር። ሥራም እፍረትም ይዞኝ ቆየ። ሥራው እንኳ አልቀነሰም፣ እፍረቱ ግን ቀለል ስላለኝ ዛሬ ልገላገለው። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ አንድ እርማት አለኝ። ባለፈው መጋቢት በማኅበራችን ላይ፣ ከዚያም በስልክ፣ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ የምትገባው ኦገስት ላይ ነው» ያልኳችሁ ሰዎች አላችሁ። ብዙ ናችሁ። ውሸቴን ነበር። ልጄ የገባችው በጁን መጨረሻ፣ በሰመር ነው። ያኔም አውቀው ነበር። ለምን እንደዋሸሁ ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው በፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ አንድ ዓርብ ማታ ነው። እኛ ኦርላንዶ ነው የምንኖረው። ልጄ ያመለከተችው ብዙ ቦታ ነው፣ ልቧ ያለው ግን ጌይንስቪል፣ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፍሎሪዳ ነበር። ከ50 ሺህ በላይ ተማሪ ያለው ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ለመግባት የሚያመለክተው ደግሞ በዓመት ከ60 ሺህ በላይ ነው። የዚያን ማታ ውጤት ይለቀቃል ተብሎ ሦስታችንም ሳሎን ቁጭ ብለናል። ልጄ ላፕቶፑን ከፈተች፣ ዝም አለች፣ ከዚያ ጮኸች። ባለቤቴ እልል አለች። እኔ ደግሞ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ መሬት ሳምኩ። ሃያ ዓመት ሆቴል ውስጥ ኤርኮንዲሽን ስጠግን የኖርኩት ለዚች ቀን ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ ልጄ ማንበቧን ቀጠለችና «ሰመር ቢ ነው የሰጡኝ» አለች።

«ምንድን ነው ደግሞ እሱ?»

«በቃ በሰመር ነው የምጀምረው፣ ጁን መጨረሻ ላይ።»

እንግዲህ አባት ሆይ፣ በዚያች ሰዓት አፍህን ዝጋ። እኔ ግን ምን አልኳት መሰላችሁ? «ምን ጎድሎሽ ነው?» አልኳት።

ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ሲጠፋ አየሁት። ባለቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። ቃሉ ግን ወጥቷል።

እኔ ባደግኩበት አገር ትምህርት መደብ አለው፦ መደበኛ፣ የማታ፣ የክረምት። መደበኛ ማለት ተማሪ የሚባለው ነው። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት የሚገኘው ልጅ ወይ ውጤት አልመጣለትም፣ ወይ ወላጆቹ መንገድ ላይ ኳስ ሲጫወት ከሚውል ብለው የላኩት ነው። ኮሌጅም ቢሆን ክረምት የሚገባው ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው፤ ወጣቶቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ አልጋቸው ላይ የሚተኛ። በእኔ ጆሮ «ሰመር» ማለት «በጓሮ በር ግቢ» ማለት ነው የሆነብኝ።

ቋንቋውም ራሱ ተንኮል አለበት። ሰመርን ወደ አማርኛ ስትመልሱት ምንድን ነው? በፀሐዩ ከሄድን በጋ ነው። በወሩ ከሄድን ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ስለሆነ ክረምት ነው። ፍሎሪዳ ደግሞ ሁለቱንም ትሆናለች፣ ረፋዱን ታነዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ታወርዳለች። እኔ ግን በጋውን ትቼ ክረምቱን ብቻ ሰማሁ።

በነጋታው ጀምሮ ልጅቷን መጨቅጨቅ ያዝኩ። «ወደ ፎል ይቀይሩልሽ፣ ጠይቂያቸው።» እሷ ደግሞ «አባዬ፣ ለምን? እኔ እኮ ደስ ብሎኛል» ትለኛለች። አንድ ቀን ሲሰለቻት ወረቀት አምጥታ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ቁጭ አለችና እንደ ሕፃን አስረዳችኝ።

የእነሱ ሰመር በሦስት ይከፈላል። ሰመር ኤ የመጀመሪያው ስድስት ሳምንት ነው፣ ሰመር ቢ ሁለተኛው ስድስት ሳምንት፣ ሰመር ሲ ሁለቱን አንድ ላይ የያዘው። በሰመር ቢ የገባ ልጅ ኦገስት ላይ ያንኑ ትምህርቱን ቀጥሎ ይሄዳል። እንደገና ማመልከት የለም፣ የሙከራ ጊዜ የለም፣ ዲግሪውም ያው ዲግሪ ነው። እኔ ያልገባኝን ትልቁን ነገር ያወቅኩት ደግሞ ያኔ ነው፦ በፍሎሪዳ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ደንብ መሠረት ከ60 ክሬዲት በታች ይዞ የገባ ተማሪ፣ ከተወሰኑት በስተቀር፣ ከመመረቁ በፊት ቢያንስ 9 ክሬዲት በሰመር መማር አለበት። ሕንፃው፣ መምህሩ፣ አልጋው ዓመቱን ሙሉ ይሥራ ነው ሐሳቡ። ሜይ ላይ ብዙው ተማሪ ሲሄድ ዶርሙ ባዶ ይሆናል፣ ኦገስት ላይ ደግሞ ይጨናነቃል። ስለዚህ አዲስ ከሚቀበሏቸው ውስጥ ከፊሉን ቀደም አድርገው ያስገባሉ።

«ስለዚህ አባዬ፣» አለችኝ፣ «ኦገስት የሚገባውም ልጅ ሰመር መማሩ አይቀርም። እኔ ግዴታዬን ቀድሜ ጀመርኩ ማለት ነው።»

ገባኝ። ጭንቅላቴ ገባው። ሆዴ ግን እንቢ አለ።

ከዚያ የመጋቢት ማርያም ማኅበር መጣ። ኦርላንዶ እንደ ዋሽንግተን ወይም እንደ ዳላስ አይደለም፣ ሐበሻው ጥቂት ስለሆነ ሁሉም የሁሉንም ልጅ ያውቃል። ጸሎቱ ተደርሶ፣ ሽሮው ቀርቦ፣ ወሬው ተጀመረ። አንዱ ወንድማችን «እሰይ፣ እሰይ! መቼ ነው ታዲያ የምትሄደው?» አለኝ። እኔም ምራቄን ሳልውጥ «ኦገስት ላይ ነዋ፣ እንደማንኛውም ተማሪ» አልኩት።

ልጄ ከኋላዬ የውኃ ጆግ ይዛ ቆማ ነበር።

እዚያ ምንም አላለችም። ሰው ሁሉ ሲመርቃት «አሜን፣ አሜን» እያለች ስታስተናግድ አመሸች። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፤ ልቧ ሲጎዳ አማርኛው ይጠፋባታል። «አፈርክብኝ እንዴ?» ነው ያለችው። እኔ መንገዱን እያየሁ «አይ፣ ለማስረዳት ረጅም ስለሆነ ነው» አልኳት። ሁለተኛው ውሸት። እስከ ቤት ድረስ ማንም አልተናገረም።

አሁን ወደ እናቴ ልውሰዳችሁ።

ሐምሌ ላይ ሦስታችንም አገር ቤት ልንሄድ ቲኬት ቆርጠን ነበር። እናቴ ደሴ ናት። ልጄን ያየቻት የአምስት ዓመት ልጅ ሆና ነው፣ እኔን ካየችኝ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ዕድሜዋ ከሰባ አልፏል፣ ጉልበቷም እንደ ድሮው አይደለም። የሰመሩ ነገር ሲመጣ የሐምሌው ጉዞ ቀረ ማለት ነው፤ ጁላይ ሙሉውን ልጅቷ ክፍል ውስጥ ናት። ይሄን ለእናቴ መንገር እንደ መርዶ ከበደኝ። ሳምንት ስገፋው ቆይቼ፣ ከፋሲካ በኋላ አንድ እሑድ ደወልኩ።

«እማዬ፣ የሐምሌው ነገር የሚሆን አይመስለኝም።»

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«ምንም አልሆንንም። ልጅቷን ዩኒቨርሲቲው በክረምት ጀምሪ ብሏት ነው።»

ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«በክረምት?» አለች።

«አዎ፣ በክረምት።»

ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቻለሁ። «እንደ እኔ በለኛ!» አለችኝ።

እንደ እሷ።

እናቴ አስተማሪ ነበረች። ከቲቲአይ ወጥታ አንደኛ ደረጃ ስታስተምር ቆይታ፣ ዲፕሎማዋን የያዘችው በክረምት ነው፣ ኮተቤ። አራት ክረምት። ሰኔ መጨረሻ ላይ የተማሪዎቿን ካርድ ሰጥታ እንደጨረሰች ሻንጣዋን ይዛ አውቶቡስ ትሳፈራለች። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ በዚያን ጊዜ መንገድና በዚያ ዝናብ ሙሉ ቀን ይፈጃል። እኔን አክስቴ ቤት ትተወኛለች። ነሐሴ መጨረሻ፣ ለእንቁጣጣሽ ትመጣለች፤ ጫማዋ ጭቃ፣ ደብተሮቿ በፌስታል ተጠቅልለው። መስከረም ላይ እንደገና ማስተማር ትጀምራለች። በዚያ ዲፕሎማ ነው ደመወዟ ያደገው፣ በዚያ ደመወዝ ነው እኔ እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ደርሼ የተማርኩት። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ግን «ክረምት» የሚለውን ቃል ስሰማ ትዝ ያለኝ የደከሙት ልጆች ማጠናከሪያ እንጂ እናቴ አልነበረችም። የሚገርመኝ እሱ ነው።

ተናዘዝኩላት። ለሰው ኦገስት ነው እያልኩ እንደምዋሽ፣ ልጅቷ እንደሰማችኝ፣ ሁሉንም። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን «ዲፕሎማዬ ላይ ዝናቡ አልተጻፈበትም፣ ልጄ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታም «ሐምሌ ካልሆነ ታዲያ ሰኔ አይሆንም?» አለች።

አያችሁ? እኔ ሳምንት ሙሉ መርዶ አድርጌ ይዤው የዞርኩትን ነገር እሷ በአንድ ጥያቄ ፈታችው። ልጄ ትምህርት ቤት የምትጨርሰው ሜይ መጨረሻ ላይ ነው። ሰመር ቢ የሚጀምረው ጁን መጨረሻ። መሐል ላይ አራት ሳምንት አለ።

ቲኬቱን ልዩነቱን ከፍለን ቀየርነው። የእኔ ፈቃድ ግን አልተቀየረም። የሆቴል ሥራ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ የሰመር ፈቃድ ከወራት በፊት ነው ተራ የሚያዘው፣ የጁን ደግሞ አልቋል። ስለዚህ ባለቤቴና ልጄ ሄዱ፣ እኔ ቀረሁ። መንገዱ አስጊ ስለሆነ እናቴ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን አዲስ አበባ እህቴ ጋ መጣችላቸው። አስራ ስድስት ቀን አብረው ተቀመጡ። እኔ በቪዲዮ ነው ያየሁት፤ ልጄ የአያቷን እግር ስታጥብ፣ አያቷ የልጄን ጸጉር ስትሠራ። ያን ጊዜ ሆቴሉ ጣሪያ ላይ ሆኜ ያለቀስኩትን ማንም አላየም፣ ዛሬ እናንተ አወቃችሁ።

ከተመለሱ በሳምንቱ ልጄን ወደ ጌይንስቪል ወሰድናት። ከኦርላንዶ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ በተርንፓይኩ ወጥተን 75 ቁጥር መንገድ ላይ ገባን። መኪናው በፍራሽ ልባስ፣ በበርበሬ፣ በደረቅ እንጀራ ተሞልቷል። መንገድ ላይ ልጄ ከኋላ ወንበር «አባዬ፣» አለችኝ፣ «መጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኮተቤ ስትሄድ አያቴ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ አልቅሳለች፣ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር።

«አንተ ስድስት ዓመትህ ነበር። አውቶቡሱ ሲነሳ ቀሚሷን ይዘህ አልለቅም ብለህ፣ አክስትህ ናት ያላቀቀችህ። ወርጄ ልመለስ ብላ አስባ ነበር። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮም አስተማሪ ነበረች፣ ለሷም የመጀመሪያ ክረምቷ ነው። እሷም ታለቅስ ነበር አለችኝ።»

መሪውን ይዤ ዝም አልኩ። እናቴ ይሄን ለእኔ አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። ለልጄ ነገረቻት፣ ምክንያቱም ልጄም በክረምት ልትሄድ ነው። የተረፈውን መንገድ አልተናገርኩም፤ ግን ሳንደርስ አንድ ነዳጅ ማደያ ቆምንና ወርጄ «አፍሬብሽ ነበር፤ ስህተቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ» አልኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። አቀፈችኝ። በቃ።

ጌይንስቪል ስንደርስ ሙቀቱ ለጉድ ነው። ጌቶሬድ የሚባለው መጠጥ የተፈለሰፈው እዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በ1965፣ ዶክተር ሮበርት ኬድና ባልደረቦቹ ተጫዋቾቹ ሙቀቱ ውኃና ጨው ሲያሟጥጥባቸው አይተው ነው። ዕቃ ሦስት ዙር ካመላለስኩ በኋላ ለምን እንደፈለሰፉት ገባኝ። ባለቤቴ ግቢው ውስጥ ካለው ሐይቅ ዳር «አዞ አለ፣ ተጠንቀቁ» የሚል ምልክት አይታ «አዞ ያለበት ግቢ ልጄን ጥዬ ልሄድ?» ብላ ልትመልሳት ምንም አልቀራት። ሲመሽ ከሐይቁ ማዶ የሌሊት ወፎች ቤት አለ፣ ትልልቅ የእንጨት ቤቶች በረጅም እግር ላይ የቆሙ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሺህ የሚቆጠር የሌሊት ወፍ እንደ ጭስ ተትቶ ይወጣል። ሦስታችን ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን አየነው። ግቢው ጸጥ ያለ ነው፣ ሰው አይጋፋም። ኦገስት ቢሆን ኖሮ ይሄን ጊዜ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ስንዞር ነበር።

ሰመሩ ግን ሽርሽር እንዳይመስላችሁ። የአንድ ሙሉ ሴሚስተር ኮርስ በስድስት ሳምንት ነው የሚሰጠው። ዛሬ ያመለጣትን ነገ ተሻግረውት ይሄዳሉ። በሁለተኛው ሳምንት የመጀመሪያ ፈተናዋን አበላሽታ በሌሊት ደወለችልን፣ «ሁሉም ሰው ከእኔ የተሻለ ነው» እያለች። እኔ እንደ ልማዴ «ምን ጎድሎሽ ነው» ለማለት አፌን ልከፍት ስል ባለቤቴ ስልኩን ተቀበለችኝ። ጠዋት አያቷ ደወለችላት። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። በመጨረሻ አንዱን ኮርስ ኤ፣ አንዱን ቢ ፕላስ ይዛ ወጣች።

ኦገስት ላይ የቀሩት ሲገቡ «አባዬ፣ ዛሬ ስንት ሰው መንገድ ጠየቀኝ መሰለህ! ወላጆች ሳይቀሩ» አለችኝ። የትኛው አውቶቡስ ወዴት እንደሚሄድ፣ የትኛው ቤተ መጻሕፍት ኤርኮንዲሽኑ እንደሚያንቀጠቅጥ፣ ምሳ ሰልፉ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያጥር ታውቃለች። ስድስት ክሬዲት ይዛለች። ጓደኞች አሏት።

ልጆቻችሁ ዘንድሮ የሚያመለክቱ ወላጆች፣ ከእኔ ተማሩ። የሰመር ደብዳቤ ከመጣ መጀመሪያ እልል በሉ። ጥያቄው ለነገ ይደርሳል። በነጋታው ደግሞ እነዚህን ጠይቁ፦ ሙሉ ቅበላ ነው ወይስ ቅድመ ሁኔታ አለበት? ስንት ክሬዲት መውሰድ ግዴታ ነው? የሰመሩ ዶርምና ምግብ ለብቻው ስንት ነው፣ ፎል ላይስ ያው ክፍል ይቀጥላል ወይ? ፋፍሳውም ሆነ ብራይት ፊውቸርስ ለዚያ ሰመር ይከፍላሉ ወይ? ለፍሎሪዳ ነዋሪ የትምህርቱ ክፍያ በክሬዲት 213 ዶላር ገደማ ነው፣ ስድስት ክሬዲት 1,300 አይሞላም፤ ሰው የሚያስደነግጠው የዶርሙና የምግቡ ነው። ልጁ በሰመር ሠርቶ ሊያጠራቅም አስቦ የነበረውንም ገንዘብ ቁጠሩት፣ ያም ወጪ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ ደግሞ ደንቡ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ስለሚለያይ ከራሱ ከቅበላ ቢሮው ስሙ እንጂ ከማኅበር ወሬ፣ ከእኔም ቢሆን፣ አትስሙ።

እናቴን ዛሬ ለእንቁጣጣሽ ደውዬላት ነበር። «የክረምት ተማሪዬ እንዴት ናት?» ነው መጀመሪያ ያለችኝ፣ እኔን እንኳ ደህና ነህ ወይ ሳትል። እኔም የሚመጣውን ዓመት ፈቃድ ከአሁኑ አስመዝግቤያለሁ። ያገኘሁት ሐምሌን ነው። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ እሄዳለሁ።

እንግዲህ የማኅበራችን ሰዎች፣ ልጄ የገባችው በሰመር ነው። ለጠየቃችሁ ሁሉ እንደዚያው ንገሩልኝ።

መልካም አዲስ ዓመት።